መሮውን የያዘው ሰው፦ የአሜሪካ ተረት በጨዋታ ጠረጴዛችን ላይ

ይህ ጽሑፍ ዴንቨር አቅራቢያ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ።

ከአንድ የባቡር ዋሻ ልነሳ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ታልኮት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አጠገቧ ያለውን ተራራ ቀዶ የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ ቢግ ቤንድ ይባላል። የተቆፈረው ከ1870 እስከ 1872 ነው። ርዝመቱ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና አምስት ዓመቱ ነው። ጆን ሄንሪ የሚባለው ጀግና ከእንፋሎት መሰርሰሪያ ጋር የተወዳደረው እዚህ ነው ይባላል። ሌላ ዋሻ ነው የሚሉም አሉ። ስለ እሱ የሚዘፈን ዘፈን አለ፤ በብዙዎቹ የዘፈኑ ቅጂዎች እሱ 14 ጫማ ሲበሳ ማሽኑ 9 ጫማ ላይ ቀረ። አሸነፈ። መዶሻውን እንደያዘም ሞተ።

መዶሻ መቺ ግን ብቻውን አይሠራም ነበር። ከፊቱ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ሥራው ረጅሙን የብረት መሮ በእጁ ይዞ ድንጋዩ ላይ መደገፍ ነው። መዶሻው ካረፈ በኋላ መሮውን ትንሽ ያዞረዋል፤ ዱቄቱ እንዲራገፍም ነቅነቅ ያደርገዋል። ከዚያ ሌላ ምት ይመጣል። ዋሻው ጨለማ ነው፤ መብራቱ ጭላንጭል ነው። ምቱን የሚጠብቁት በዜማ ነው። መዶሻው ትንሽ ከሳተ የሚደቀው የዚህ ሰው እጅ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጆን ሄንሪ ራሱ ይህን ሰው ጸልይ ይለዋል። እኔ ከሳትኩ ነገ ቀብርህ ነው ይለዋል።

እኛ ቤት ይህን ታሪክ ልንጫወት ስንቀመጥ አምስቱም ተጫዋቾች ጆን ሄንሪን መሆን ፈለጉ። እኔ የሰጠኋቸው መሮውን ነው።

የሚና ጨዋታ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ጨዋታ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን የሚተርከው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ፣ በየጎኑ ቁጥር ያለበት መጫወቻ፣ ይወረወራል። በቃ። ልጅ ሆነን እናትና አባት፣ ሌባና ፖሊስ እንጫወት አልነበር? እሱው ነው፣ ደንብ ጨምሩበት። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ለሽያጭ ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በ1974 ዊስኮንሲን ውስጥ ወጣ። የተወለደው አሜሪካ ቢሆንም ውስጡ ያለው ግንብና ዘንዶ ከአውሮፓ ነው። ያው ኩባንያ በዓመቱ የካውቦይ ጨዋታ አወጣ፤ እሱ ደግሞ ሽጉጥ እንጂ አስማት አልነበረውም። አስማትና ካውቦይ የተጋቡት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ እሁድ ማታ የምንጫወተው ይሄን ዓይነቱን ነው። ሳሎኔ ውስጥ፣ ቡና እየተፈላ፣ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በእንግሊዝኛ።

ወደ ዋሻው ልመለስ። ደንቡ እንዲህ ነበር። ጆን ሄንሪ እኔ ነኝ። ተጫዋቹ እርሳስ በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ያቆማል። ዳይሱን ከመወርወሬ በፊት ይወስናል። አጥብቄ እይዛለሁ ካለ ቀዳዳው ይጠልቃል፤ ግን ከሳትኩ እጁ ሄደ። ላላ አድርጌ እይዛለሁ ካለ እጁ ይተርፋል፤ ግን ማሽኑ ይቀድመናል። አንዱ ልጅ፣ ከሁላችንም ዝምተኛው፣ ሦስት ጊዜ አከታትሎ «አጥብቄ» አለ። በአራተኛው ዳይሱ ላይ አንድ ወጣ፤ ሳትኩ። ጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥ አለ። ልጁ እርሳሱን አልለቀቀም። ሁለቱን እጆቹን ዝም ብሎ ያያቸው ነበር።

ከዚያች ማታ በኋላ ተረት የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። ድሮ የማደርገውን ልንገራችሁ። የጭራቆች ዝርዝር እከፍታለሁ። ቀንድ ያለው ጥንቸል፣ ክንፍ ያለው ሰይጣን፣ የሚንከባለል እባብ። ይሄ ያምራል ብዬ አነሳና ጥርሱንና ጉልበቱን በቁጥር እጽፋለሁ። ተጫዋቾቹ ይተኩሱበታል፤ ይሞታል፤ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ጭራቁ የአሜሪካ ይሁን የሌላ አገር ማንም ልብ አይልም። አሁን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይህን ተረት ያወራው ማነው? ምን ሥራ ላይ ሳለ? ምን ፈርቶ? የአሜሪካ ተረት አብዛኛው የሥራ ቦታ ወሬ ነው። ሐዲድ የዘረጉ፣ ግንድ የቆረጡ፣ ከብት የነዱ ሰዎች እሳት ዳር ያወሩት ነው። የሥራውን ላብ ካወቃችሁ የጨዋታው ደንብ ራሱ ይመጣል።

ግንድ ቆራጮቹን እንውሰድ። ሚቺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ሚኒሶታ። በ1800ዎቹ መጨረሻ ክረምቱን ሙሉ ጫካ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከላይ ተሰብሮ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሳያስቡት ይወድቅባቸዋል። ያንን ቅርንጫፍ የሚጠሩት ሚስትን መበለት የሚያደርግ ብለው ነበር። ጠዋት የወጣ ሰው ማታ የማይመለስበት ቀን አለ። እነዚህ ሰዎች ሃይድቢሃይንድ የሚባል አውሬ ያወሩ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላችሁ ነው። ስትዞሩ ከዛፍ ጀርባ ይገባል። ማንም አይቶት አያውቅም። መጠጥ ሲሸተው ይሸሻል ይላሉ፤ ቆራጮቹ ይህቺን ክፍል ለምን እንደወደዷት ይገባችኋል።

ለዚህ አውሬ ጉልበት በቁጥር አልጻፍኩለትም። ደንቡ አንድ ብቻ ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ተጫዋች ወዴት እንደሚያይ ጮክ ብሎ ይናገራል። ማንም ያላየበት አቅጣጫ ካለ እዚያ ነው ያለው። አምስት ሆነው ሲጀምሩ ቀላል ነበር። አንዱ እንጨት ሊለቅም ሄደ። ሌላው ደክሞት ተኛ። ሦስት ሲቀሩ ድምፃቸው እየቀነሰ መጣ። አንዷ ወንበሯን ገፍታ ጀርባዋን ከግድግዳዬ ጋር አስጠጋች። እውነተኛው ግድግዳ ላይ ነው የምላችሁ።

ስኳንክን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። የፔንሲልቬኒያ አውሬ ነው። ቆዳው ኪንታሮት የሞላበት፣ የማይገጥመው፣ በመልኩ የሚያፍር። ቀን ከሌት ያለቅሳል። የእንባውን ዱካ ተከትለህ ልትይዘው ትችላለህ። አንድ አዳኝ በከረጢት ይዞት ሲሄድ ከረጢቱ ቀለለው፤ ሲከፍተው እንባ ብቻ ቀርቷል። በ1910 በታተመ የግንድ ቆራጮች አውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። አብዛኛው ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን የሚኖርበትን ጫካ አየሁ። ሄምሎክ የሚባል፣ ጽድ የሚመስል ዛፍ ነው። በዚያ ዘመን ይህ ዛፍ ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ ይፈለግ ነበርና ጫካው በሰፊው ተጨፈጨፈ። ቅርፊቱ ተልጦ ግንዱ እዚያው የበሰበሰበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ ቆዳው የማይገጥመው እንስሳ፣ ለቆዳ ተብሎ በሚላጥ ጫካ ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል። ተረቱን ያወሩት ሰዎች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ተጫዋቾቼ የተቀጠሩት ስኳንኩን ይዘው እንዲመጡ ነበር። የቆዳ ፋብሪካው ባለቤት ጥሩ ይከፍላል። ጫካው መሀል ሲደርሱ የተላጡትን ግንዶች አዩ። ከረጢቱን ማንም አልፈታም።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ጉራ። አሜሪካኖች ፊታቸውን ሳይፈቱ የሚያወሩት የተጋነነ ወሬ አለ። እኛ ፉከራና ቀረርቶ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሰው ስለ ራሱ ከፍ አድርጎ ሲናገር እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱ አነጋገሩ ላይ ነው። ፎካሪ ይነሳል፣ ያገሣል። የነሱ ጉረኛ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው ነው የሚያወራው። ከ1835 እስከ 1856 በዴቪ ክሮኬት ስም ይወጡ የነበሩ ዓመታዊ የቀን መቁጠሪያ መጻሕፍት እንዲህ ባለ ወሬ የተሞሉ ነበሩ። ክሮኬት የእውነት ሰው ነው፣ በ1836 ቴክሳስ ውስጥ አላሞ በሚባል ምሽግ ጦርነት ላይ ሞቷል። መጽሐፎቹ ግን ከሞተም በኋላ ጀብዱውን ቀጠሉበት። በአንዱ ላይ ብርዱ ከመክፋቱ የተነሳ ምድር ዘንጓ ላይ በረዶ ሠርቶባት ቆመች፤ ፀሐይም ተጣብቃ ቀረች። ክሮኬት የድብ ስብ አፈሰሰበትና አላቀቀው። ከዚያ የንጋቱን ቁራሽ ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የንጋት ቁራሽ በኪስ! ይህን የሚያህል ምስል ይዛችሁ ምኑን ዘንዶ ትፈልጋላችሁ?

ይህን ወደ ደንብ ያመጣሁት በጥሬ ቡና ነው። ተጫዋች አንድ ከባድ ነገር ሊያደርግ ሲል ድሮ ያደረገውን ማውራት ይችላል። ከትንሽ ነገር ይጀምራል። አጠገቡ ያለው ይጨምርበታል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። በጨመሩ ቁጥር ሲኒው ውስጥ አንድ ፍሬ ይገባል። አንድ ሰው ሲስቅ ወሬው ይቆማል። በሲኒው ውስጥ ያለው ፍሬ ያህል ተጨማሪ ዳይስ ይወረወራል። ሳይስቁ መቆየት ጥበብ መሆኑን እዚያ አየሁ። ሰባት ፍሬ ደርሰን እናውቃለን።

ከነዚህ ወሬዎች አንዱ ሙሉ ማታ አጫውቶናል። ብርዱ ሲበረታ ቃል ከአፍ ወጥቶ አየር ላይ ይቀዘቅዛል፣ በጸደይ ሲቀልጥ ይሰማል የሚለውን ነው። ግንድ ቆራጩም ከብት ነጂውም ያወራዋል። እኔ እንዲህ አደረግኩት። ተራራ ላይ ያለ የማዕድን ሠፈር። አለቃው ሞቶ ተገኝቷል። ማታውን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እንደነበር ይታወቃል፤ ግን ማንም አልሰማም፣ ቃላቸው በረዶ ሆኖ ነበርና። ተጫዋቾቹ በረዶውን እየቆፈሩ ቃላቱን ለቀሙ። በባልዲ አምጥተው ምድጃ ላይ ጣዱት። እኔ ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ነበር፤ አንድ በአንድ ከድስት አወጣሁላቸው። «ደሞዝ»። «ሦስት ወር»። «ልጄ»። ከዚያ ደግሞ «ልጄ»። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከማወቃቸው በፊት ለምን እንደሆነ አወቁ። አሳልፈን እንስጠው ወይስ ይሂድ ብለው እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተከራከሩ። ጎረቤት መጥቶ በር አንኳኳ።

ስለ የውሸት ተረት ትንሽ ልበል። ጥያቄው ሁልጊዜ ይመጣል። ፔኮስ ቢል፣ አውሎ ነፋስ የጋለበው ካውቦይ፣ በ1923 አንድ ጸሐፊ መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። ፖል በንያን፣ ግዙፉ ግንድ ቆራጭ፣ ከሠራተኞች ወሬ የመጣ ቢሆንም አገር ያወቀው አንድ የእንጨት ኩባንያ ከ1914 ጀምሮ ማስታወቂያ ስላደረገው ነው። ሪቻርድ ዶርሰን የሚባሉ የፎክሎር፣ የሕዝብ ተረትና ልማድ፣ ምሁር እንዲህ ዓይነቱን በ1950 «ፌክሎር»፣ የውሸት ፎክሎር፣ ብለው ሰይመውታል። እኔ አልጥለውም። ግን ኩባንያው የሳለውን ደስተኛ ግዙፍ ሳመጣ፣ ደሞዝ ከፋዩንም አብሬ አመጣዋለሁ። የሆዳግ ነገር ደግሞ ለጨዋታ የተፈጠረ ነው። በ1893 ራይንላንደር፣ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ሰው አስፈሪ አውሬ አገኘሁ አለ። ቆይቶም ያዝኩት ብሎ ለሕዝብ አሳየ። እንጨትና ቆዳ ነበር። ሰው ግን ከፍሎ አየ። ከተማዋ እስከ ዛሬ ሆዳግን ምልክቷ አድርጋ ትኖራለች።

አሁን ከበድ ያለው። መጀመሪያ ላይ ያጠፋሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። ከናቫሆ ሕዝብ፣ ራሳቸውን ዲኔ ነው የሚሉት፣ አንድ አስፈሪ ነገር ወስጄ ጭራቅ አድርጌ አቀረብኩ። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ስሙን ዛሬ አልጠራውም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ተጫዋች ነበር፤ ዝም አለ። ሲወጣ በሩ ላይ «እናቴ ቤት ይህ ስም አይጠራም» አለኝ። የእናቱ ወገኖች ዲኔ ናቸው። አልተቆጣም። ያ ይበልጥ አሳመመኝ።

በዚያ ሌሊት ያሰብኩት ቡዳን ነው። አንድ የውጭ ሰው ቃሉን ከመጽሐፍ አንስቶ፣ ጅብ የሚሆን ጭራቅ ብሎ ጨዋታ ውስጥ ቢያስገባውስ? ያ ቃል ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ላይ እንደተለጠፈ፣ ስንት ቤተሰብ እንዳገለለ አያውቅም። ለሱ ቀለም ነው፤ ለነሱ ኑሮ ነው። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት እውቅና የሰጣቸው ከ570 በላይ የነባር ሕዝቦች መንግሥታት አሉ። ቋንቋቸው ይለያያል፣ ተረታቸውም። ዌንዲጎ የሚባለው ሰው በላ ፍጥረት የሰሜን ጫካ ሰዎች፣ እንደ ኦጂብዌና ክሪ ያሉት ነው፤ ብርድና ረሃብ የወለደው ነው። አሪዞና በረሃ ላይ ስታስቀምጡት ያ ሁሉ ይረግፋል። ዲኔዎች ኮዮቴ የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ ተረት በልማድ የሚያወሩት በክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ደንቤ ግልጽ ነው። የተቀደሰውንና የማይጠራውን አልነካም። በጨዋታዬ ውስጥ የዲኔ ሰው ካለ የሚመጣው እንደ ሰው ነው፤ ነጋዴ፣ አስተርጓሚ፣ የሚቀልድ፣ የሚሳሳት። ሕዝቡ ራሱ አሳትሞ ለሁሉም ያቀረበውን ተረት አነባለሁ፣ እማርበታለሁ።

የእውነት ሰዎችንም ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ባስ ሪቭስ በ1838 ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ በ1875 የፌዴራል ሕግ አስከባሪ ሆነ። በዛሬዋ ኦክላሆማ ወንጀለኛ ሲያሳድድ ኖረ። ራንች (የከብት እርባታ)፣ ሮዲዮ (የካውቦይ ውድድር)፣ ላሶ (ከብት መያዣ ገመድ) የሚሉት ቃላት የመጡት ከስፓኒሽ ነው፤ ከብት ነጂነቱን ያስተማሩት የሜክሲኮ ቫኬሮዎች ናቸውና። ፊልም ላይ ያየነው ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ብቸኛ ሰው ከሙሉው ሥዕል አንድ ጥግ ነው።

በመጨረሻ አሁን የምንጫወተውን ልንገራችሁ፤ አላለቀም።

ከካሊፎርኒያ በኩል የመጣውን ሐዲድ ከዘረጉት አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ። የሴራ ኔቫዳን ግራናይት በእጅና በባሩድ ነው የሰበሩት። በሰኔ 1867 በሺዎች የሚቆጠሩት እኩል ደሞዝ ብለው ሥራ አቆሙ፤ ኩባንያው ምግብ ከልክሎ መለሳቸው። ግንቦት 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ይህ ሐዲድና ከምሥራቅ የመጣው ተገናኙ። በደሞዝ መዝገቡ ላይ የብዙዎቹ ስም የለም፤ የሚጻፈው የቡድኑ አለቃ ስም ነበር። ከሞቱት ደግሞ የብዙዎቹ አጽም ከዓመታት በኋላ እየተለቀመ በመርከብ ወደ አገሩ ተልኳል። ወጪውን የሚችሉት የአገር ልጆች ማኅበራት ነበሩ።

ይህን ሳነብ ቆምኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለሬሳ መላኪያ አዋጥቶ የማያውቅ ማነው?

ስለዚህ ሥራው ይሄ ነው። የአንድ ሠራተኛ አጽም ያለበት ሣጥን አለ። ተጫዋቾቹ ከተራራው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ያደርሱታል። መንፈሱ አያስፈራም፣ አይናገርም። ከመንገዱ ሲወጡ ግን ሣጥኑ ይከብዳል፤ በቅሎዋ መራመድ ያቅታታል። ወደ መንገዱ ሲመለሱ ይቀላል። ደንቡ ይሄው ነው። ሌባ አጋጥሟቸዋል፣ ጎርፍ አጋጥሟቸዋል፣ ሁሉንም አልፈዋል።

ያለፈው እሁድ ወደቡ ደረሱ። መርከቡ ሊነሳ ነው። ማኅበሩ የላከው ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠና «ስሙ ማን ነው? ከየት መንደር?» አለ። ተያዩ። ሦስት ወር ሙሉ የተሸከሙትን ሰው ስም ማናቸውም አልጠየቁም። አንዷ ተጫዋች፣ ባለፈው ዓመት ለእድር ገንዘብ ስትሰበስብ የነበረችው፣ ዳይሱን ወደ እኔ ገፋችው። «አልወረውርም» አለች። «ከተራራው ሥር መሮ የያዘለት ሰው አለ። እሱ ያውቃል።»

መርከቡ ሄደ። በቅሎዋን አዞሩ። ሣጥኑ እንደ ደንቤ መክበድ ነበረበት፤ ከወደቡ እየራቁ ነዋ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ቀለለ አልኳቸው።